የአጥቢያው ምሩቃን ከመጋረጃ ስጦታ ባሻገር

በመካነ ሰላም፣ በማሻና በአካባቢው ባሉት የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ አጥቢያዎች ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ልጅ የሌለው ደብር ዛሬ ጥቂት ነው። ምሩቃኑ ኑሯቸውን በደሴ፣ በባሕር ዳር፣ በአዲስ አበባ ወይም በውጭ ሀገር አድርገው ለንግሥ በዓል ሲመጡ ጃንጥላ፣ ምንጣፍና መጋረጃ ይዘው ይመጣሉ። ስጦታው የተወደደ ነው፤ ቤተ እግዚአብሔርን ማስጌጥም መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን የውኃ መሐንዲሱም፣ ነርሷም፣ የሒሳብ ባለሙያውም መጋረጃ ብቻ የሚያመጡ ከሆነ፣ አጥቢያው ከልጆቹ ያገኘው ገንዘባቸውን እንጂ ዕውቀታቸውን አይደለም።

የብዙዎቹ ምሩቃን ኅብረት መነሻው ግቢ ጉባኤ ነው። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የሚያስተባብራቸው እነዚህ ጉባኤያት ወጣቱን ከዓለማዊው ትምህርት ጎን ለጎን በሃይማኖቱ ያስተምሩታል። ከምረቃ በኋላም አንድነቱ በጽዋ ማኅበርና በጉዞ ይቀጥላል። ስለዚህ የተደራጀ ሰው አለ፤ የአገልግሎት ፍላጎትም አለ። የሚጎድለው ጥሪው ነው።

ምሩቅን ወደ ገጠር የማሠማራት ሐሳብ በሀገራችን አዲስ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. የጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ከዩኒቨርሲቲው ውጭ እንዲያገለግል ያዝዝ ነበር፤ አብዛኞቹም በየጠቅላይ ግዛቱ መምህራን ሆነው ሠርተዋል። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን አሠማርቷል። ሁለቱም በትእዛዝ የተፈጸሙ ነበሩ፤ ጊዜው ሲያበቃ ወጣቱ ወደመጣበት ተመለሰ። የእኛ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ምሩቁ የአጥቢያው ልጅ ነውና በየዓመቱ ይመላለሳል፤ የሚያዝዘው ግን የለም። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት ሰበካ ጉባኤው ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ሰባቱ ዲያቆናት ሲመረጡም አስቀድሞ የታወቀው ችግሩ ነበር፤ ለዕለት ምግብ የተረሱት መበለቶች ተለይተው ከታወቁ በኋላ ነው ሰው የተፈለገው።

ሙያ ለቤተ ክርስቲያን ምን እንደሚያደርግ የደቡብ ጎንደር አድባራት ምስክር ናቸው። የደን ሥነ ምኅዳር ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የአብያተ ክርስቲያናትን ደኖች አጥንተው፣ ዘሩ መሬት ላይ ወድቆ ቢበቅልም ችግኙን ከብት እየረገጠና እየበላ እንደሚያጠፋው አሳይተዋል። ሽማግሌው ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው የለም ማለት ነው። መፍትሔው ከምእመናን አቅም በላይ አልነበረም፤ ከእርሻ መሬት ላይ ድንጋይ እየለቀሙ በደኑ ዙሪያ ካብ መካብ ነበር። ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፤ ችግኙም ከከብት ተጠበቀ። ካቡን የሠሩት ካህናቱና ገበሬዎቹ ናቸው፤ ምሁሩ ያመጡት ምክንያቱን የማወቅ ጥበብ ነው።

በእኛ ደጋ አስቸኳይ ሆኖ የሚታየን የአብነት ተማሪው ውኃ ነው። የአማራ ክልል በዓለም ላይ በዓይነ ማዝ ወይም ትራኮማ እጅግ ከተጠቁት አካባቢዎች አንዱ ነው። በሽታው በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከዓይን ወደ ዓይን ይተላለፋል፤ መድኃኒት ቢታደልም ፊት ካልታጠበ ተመልሶ ይመጣል። በትንሽ ጎጆ አብረው የሚያድሩ፣ ውኃ ከሩቅ የሚቀዱ ልጆች ደግሞ ፊት ለመታጠብ መሳሳታቸው አይቀርም። እዚህ ላይ መሐንዲሱ አንድ ቀላል ስሌት ያመጣል። በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። ስፋቱ 60 ካሬ ሜትር የሆነ ቆርቆሮ ጣራ 100 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድበት 6,000 ሊትር ይቀበላል፤ ሩቡ ቢባክን 4,500 ሊትር ይቀራል። ሠላሳ ተማሪዎች በቀን ሦስት ሦስት ሊትር ለፊትና ለእጅ ቢጠቀሙ ለ50 ቀን ይበቃቸዋል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣራውን አቧራ ጠርጎ እስኪያልፍ ወደ ጋኑ አይገባም፤ ጋኑ ይከደናል፤ ውኃው በቧንቧ እንጂ በጣሳ አይቀዳም። ነርሷ ደግሞ የኔታን አስፈቅዳ ተማሪዎቹን ታስተምራለች፤ ዓይኑ የታመመውን ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች።

ጥያቄው ለምሩቃኑ ሲቀርብ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃል። ምን እንደጎደለ፣ ስንት ሰው እንደሚጠቀም፣ የትኛው ሙያ እንደሚፈለግ፣ አጥቢያው ድንጋይ፣ አሸዋና ጉልበት ምን ያህል እንደሚያዋጣ፣ ሥራው መቼ እንደሚሠራ ይጻፍ። አሥር ገጽ የሆነውን እኛም በቢሮ ተቀምጠን የምናነበው በጭንቅ ነው። ከጥምቀት በኋላ ያለው ጊዜ ለግንባታ ይመቻል፤ እንግዶቹም ገና ከቀያቸው አልወጡም። ገንዘብ ካለ በሰበካ ጉባኤው ደረሰኝ እንጂ በግለሰብ ሒሳብ አይግባ፤ ወጪውም ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን ይነበብ። ሥራው ከመጀመሩ በፊትም ቧንቧ ሲሰበር የሚጠግኑ ሁለት ሰዎች ከአጥቢያው ይመረጡ፤ መሐንዲሱ ከመሄዱ አስቀድሞ በእጃቸው እንዲሠሩ ያድርግ። ይህ ካልተደረገ የምሩቃን ስም የተጻፈበት ደረቅ ጋን ብቻ ይቀራል።

ሩቅ ያሉትን ስናስብ ቅርብ ያለውን እንዳንረሳም አደራ እንላለን። ተመርቆ ሥራ ያላገኘ ልጅ በየቀበሌው አለ፤ ብዙ ጊዜም ከሰው ዓይን ይሸሻል። እርሱን ድንጋይ እንዲሸከም ብቻ መጥራት ክብሩን መንካት ነው። የተማረው ሒሳብ ከሆነ መዝገቡን እንዲመረምር፣ ግብርና ከሆነ የችግኝ ጣቢያውን እንዲመራ በደብዳቤ ይሾም፤ ሲፈጽምም የሥራ ልምድ ማስረጃ ይሰጠው።

ለመጀመሪያ ያህል የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ከመጪው ንግሥ በፊት አንድ መዝገብ ይክፈቱ፤ የምሩቁ ስም፣ ሙያው፣ ስልኩና ወደ አጥቢያው የሚመጣበት ወር ይስፈርበት። የንስሐ አባቶች ልጆቻቸውን ያውቃሉና መዝገቡን ለመሙላት ከማንም ይልቅ እነርሱ ይረዳሉ።