ካሜራው ነው ወይስ እኔ ነኝ?

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል፣ ምናልባትም የቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገሩ ካሜራ ስለ መቀየር ነው። ይሁንና በስደት የምንኖር ሰዎች አንድ ውድ ዕቃ ባየን ቁጥር ከጀርባው ሌላ ስሌት እንደምንሰራ የታወቀ ነው፤ ይህ ገንዘብ ስንት የአውሮፕላን ቲኬት ይሆናል፣ አገር ቤት ያለውን ወንድም ለስንት ወር ያኖረዋል የሚል ስሌት። እኔም ከአምናው ክረምት ጀምሮ ስሰራው የቆየሁት ይህንኑ ነው። በእጄ ያለው ገንዘብ ወይ አዲስ ካሜራ ይገዛል፣ ወይ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላትን ልጄን ይዤ ባሌ ተራሮች ላይ ያወጣኛል። ለሁለቱ አይበቃም።

ነገሩ የጀመረው በ2018 ነው (ዓመታቱን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነቲ አምባ ላይ ወጣሁ። ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ የሆነ ሜዳ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት አካባቢ፣ ከመንገዱ 150 ሜትር ያህል ርቆ፣ አንድ ቀይ ቀበሮ የፍልፈል ጉድጓድ ላይ አድፍጦ አየሁ። ዘሎ ያዘው። እኔም ጣቴን ከካሜራው ላይ አላነሳሁም። ማታ ጎባ ሆቴል ገብቼ ምስሎቹን በኮምፒውተር ስከፍታቸው አንድም ጥርት ያለ አልነበረም። በዓለም ላይ ካሉት ከ500 የማይበልጡ አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች አንዱ ፊቴ አድኖ በልቶ ሄደ፤ በእጄ የቀረው ቀይ ጭጋግ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥፋተኛው ካሜራው እንደሆነ ራሴን አሳምኜ ኖርኩ። ካሜራዬ ኒኮን ዲ7200 ነው፤ በ2015 የወጣ፣ 24 ሜጋፒክስል ያለው፣ በሰከንድ 6 ምስል የሚያነሳ። ሌንሱ እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሚደርስ መጠነኛ ሌንስ ነው። ልቤን የወሰደው ደግሞ በ2023 የወጣው ኒኮን ዜድ8 ነው፦ ወደ 46 ሜጋፒክስል፣ በሰከንድ 20 ጥሬ ምስል፣ የእንስሳ ዓይን ራሱ ፈልጎ የሚይዝ ፎከስ። ሲወጣ በአሜሪካ ዋጋው 4,000 ዶላር ነበር። ሌንሱ ለብቻው ነው።

እኔ በሙያዬ የውሃ መሐንዲስ ነኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ዴልፍት መጥቼ በዚያው ቀረሁ፤ አሁን የምኖርበት አምስተርዳም ኖርድም ውሃው በፓምፕ ባይገፋ ኖሮ ብዙ ቦታው የሚሰጥም ሰፈር ነው። በሥራችን አንድ መንደር ውሃ አነሰኝ ሲል ወዲያው ትልቅ ፓምፕ አናዝዝም። ግፊቱ የት ላይ እንደጠፋ ከምንጩ እስከ ቧንቧው ድረስ እንለካለን። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ፓምፑ ጋ አይገኝም። ታዲያ ለሥራዬ የማውቀውን ለካሜራዬ ለምን ረሳሁት? ያልተሳኩትን ምስሎች እንደገና ከፍቼ እያንዳንዱ ለምን እንደተበላሸ መመርመር ጀመርኩ። ዲጂታል ምስል የተነሳበትን ሰዓት፣ የሹተር ፍጥነትና የሌንስ ርዝመት በውስጡ መዝግቦ ይይዛል፤ ምስክሩ እዚያው አለ።

ከቀበሮው ልጀምር። አንድ ቀይ ቀበሮ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ሥር አንድ ሜትር ገደማ ነው እንበል። በ150 ሜትር ርቀት፣ በ300 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው ጥላው 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የኔ ካሜራ አንድ ፒክስል 3.9 ማይክሮ ሜትር ስለሆነ ቀበሮው ያገኘው 510 ፒክስል ያህል ነው፤ የምስሉ ወርድ ደግሞ 6,000 ነው። ታዲያ 46 ሜጋፒክስል ያለው ዜድ8 ቢሆንስ ኖሮ? እኔም እጥፍ የሚሆን መስሎኝ ነበር። ግን የዜድ8 ሴንሰር ሰፊ ነው፤ ፒክስሎቹ የበዙት በሰፊ ሜዳ ላይ ተበትነው ነው፤ የእያንዳንዱ መጠን 4.35 ማይክሮ ሜትር ነው። ስለዚህ በዚያው ሌንስ፣ በዚያው ርቀት፣ ቀበሮው የሚያገኘው 460 ፒክስል ነው። ከድሮው ካሜራዬ ያነሰ! ይህን ስሌት ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰራሁት።

«አዲሱ ሴንሰር በጨለማ የተሻለ ነው» የሚል ክርክር ይነሳል። እውነትነት አለው፤ ግን ሰፊው ሴንሰር ብዙ ብርሃን የሚሰበስበው ሙሉ ስፋቱን መጠቀም ስትችሉ ነው። ቀበሮው ርቆ መሃሉን ቆርጣችሁ የምታወጡ ከሆነ፣ ቀበሮው ላይ ያረፈው ብርሃን የሌንሱ ዓይን ያስገባው ያህል ነው፤ ሴንሰሩ የቱንም ያህል ቢሰፋ አይጨምርለትም። 300 ሚሊ ሜትር በኤፍ 5.6 ማለት 54 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መስኮት ነው። 500 ሚሊ ሜትር በኤፍ 5.6 ደግሞ 89 ሚሊ ሜትር። በስፋት ሲሰላ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ወደ 2.8 እጥፍ ይሆናል። ቀበሮው በ500 ሌንስ 850 ፒክስል ያገኛል። በድሮው ሌንስ 50 ሜትር ድረስ መቅረብ ቢቻል ደግሞ 1,530 ያገኝ ነበር፤ ያውም በነጻ።

ሁለት ሌሎች ጥፋቶችም ተገኙ። ሰዓቱ እኩለ ቀን ነበር። በደጋ ፀሐይ የጋለ ጥቁር አፈር ላይ አየሩ ይንቀጠቀጣል፤ ከ100 ሜትር በላይ በዚያ አየር ውስጥ ሲታይ የየትኛውም ኩባንያ ካሜራ ጭጋግ ነው የሚያነሳው። የሹተር ፍጥነቴም የሰከንድ አንድ 320ኛ ነበር፤ ለዚያ ሌንስ በእጅ ተይዞ፣ ከባሕር ጠለል በታች የሚኖር ሰው 4,000 ሜትር ላይ እያለከለከ፣ የሚበቃ አልነበረም። በዚያ ከፍታ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለሉ 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ጓደኛዬ ያነሳኝን ቪዲዮ ሳየው ካሜራው ከትከሻዬ ጋር ይወጣል ይወርዳል። አንድ የሩዝ ከረጢት ተንተርሼ መሬት ላይ ብተኛ ኖሮ ግማሹ ችግር ይቀረፍ ነበር።

አሁን ወደ ሩጫው ልለፍ፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ሰበቤ እሱ ነበር። ሆላንድ ለእኛ ሯጮች እንግዳ አገር አይደለችም። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1994 የ5,000 ሜትር፣ በ1995 የ10,000 ሜትር ሪከርድ የሰበረው ሄንገሎ ላይ ነው፤ ቀነኒሳም በ2004 የ5,000ውን እዚያው ሰብሮታል። በሰኔ 2021 አዳማ ተወልዳ ለሆላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሀሰን በዚያው ትራክ 29 ደቂቃ ከ6.82 ሰከንድ ገብታ የ10,000 ሜትር ሪከርድ ስትይዝ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ለተሰንበት ግደይ 29 ደቂቃ ከ1.03 ሰከንድ ገብታ ወሰደችው። እኔም በየጥቅምቱ የአምስተርዳም ማራቶን ዳር ቆሜ እነሱን አነሳለሁ። ኃይሌ በ2005 ይህን ማራቶን ያሸነፈው በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው፤ በሰከንድ 5.6 ሜትር ማለት ነው። የኔ ካሜራ በሁለት ምስሎች መካከል 93 ሳንቲ ሜትር ያመልጠዋል፤ ዜድ8 ቢሆን 28 ሳንቲ ሜትር። ልዩነቱ ትልቅ ይመስላል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሯጭ በሰከንድ ሦስት እርምጃ ያህል ስለሚረግጥ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ሁለት ምስል አለኝ፤ ሁለቱም እግሮች አየር ላይ ያሉበትን ቅጽበት ለማግኘት ጥቂት እርምጃዎች ይበቃሉ። ሯጩ የሚመጣበት መስመር አስቀድሞ የታወቀ ነው። የሹተሩን ፍጥነት ከአንድ 1000ኛ በላይ አድርጎ መጠበቅ ነው። እዚህ ላይ ካሜራዬን የምከስበት ምንም ምክንያት አላገኘሁም።

ሮተርዳም የሚኖሩ፣ ጋሼ የምላቸው አንድ ወዳጅ አሉኝ፤ በወጣትነታቸው ፒያሳ ፎቶ ቤት ሰርተዋል። ሚያዝያ 17 ቀን 1988 በላይነህ ዴንሳሞ በሮተርዳም ማራቶን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ የዓለምን ሪከርድ ሲሰብር (ይህ ሪከርድ አሥር ዓመት ቆይቷል) መንገድ ዳር ነበሩ። ፊልማቸው ውስጥ የቀራቸው አራት ምስል ነበር። ሦስቱን ለበላይነህ አዋሉ፤ አንዷ ወጣች፤ ዛሬም ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ አለች። ትንሽ ደብዘዝ ብላለች። ስለ ዜድ8 ሳጫውታቸው ስቀው፣ «አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ያንን ሌንስህን ፈትሸው። ማስመሪያ አጋድመህ አንሳው» አሉኝ።

ማስመሪያውን አጋድሜ አነሳሁት። 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ፎከስ ሳደርግ ጥርት ብሎ የሚታየው 12ኛው ነበር። መስታወት ባላቸው ካሜራዎች ላይ ፎከሱን የሚለካው ክፍል ከሴንሰሩ የተለየ ስለሆነ፣ ሁለቱ በጥቂቱ ካልተስማሙ ካሜራው ሁልጊዜ ከታሰበው ትንሽ ወደኋላ ወይም ወደፊት ይስታል። ዲ7200 በውስጡ የማስተካከያ ምርጫ አለው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ከፍቼው አላውቅም። አምስት ደቂቃ ፈጀ። አፈርኩ ማለት ይቀለኛል።

እስካሁን አንባቢ ሲፈርድ «እንግዲህ ካሜራውን ተወው» ሊለኝ ይችላል። ግን ፍርዱ ሙሉ እንዲሆን ወፎቹን ማንሳት አለብኝ። ከቤቴ በብስክሌት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከዱርገርዳም አልፎ እስከ ሆሊስሎት የተዘረጋው ረግረግ ሜዳ ይገኛል። በመጋቢት ወር ሆላንዶች «ኽሩቶ» የሚሉት፣ ረጅም መንቁርና ረጅም እግር ያለው ወፍ ከምዕራብ አፍሪካ ተመልሶ እዚያ ይፈለፍላል፤ በ2015 በሕዝብ ድምፅ የአገሪቱ ብሔራዊ ወፍ ተብሎ ተመርጧል። ቁራ ጎጆው ሲቀርብ ይነሳና እየጮኸ፣ እየተጠማዘዘ ያባርረዋል። እንደ ሯጭ መስመር የለውም። በኔ ካሜራ ከአምስት ምስል አንዱ ቢሳካ ነው።

ባለፈው ሚያዝያ መስታወት የሌለውን አዲሱን ካሜራ ለአንድ ቅዳሜና እሁድ ተከራይቼ እዚያው አጥር ሥር ቆምኩ። ያው ሌንስ፣ ያው ወፍ፣ ያው ደመና። ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ጥርት ብለው ወጡ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በኔ ካሜራ እያንዳንዱ ምስል ሲነሳ መስታወቱ ይነሳል፤ በዚያች ቅጽበት ካሜራው ዕውር ነው፤ ወፉ ወዴት እንደዞረ የሚያውቀው መስታወቱ ሲመለስ ነው፣ ያውም መሃል ላይ በተሰበሰቡ 51 ነጥቦች ብቻ። አዲሱ ፎከሱን የሚለካው በራሱ ሴንሰር፣ በመላው ምስል ላይ፣ ያለማቋረጥ ነው፤ በብዙ ምስሎች ተለማምዶ ወፍ ምን እንደሚመስል ያውቃል። በነገራችን ላይ ይህን ለመሞከር የሚያስብ ሰው የድሮ ሌንሱን ይመርምር፤ በማገናኛ በኩል በራሳቸው ሞተር ያላቸው የኒኮን ሌንሶች ፎከስ ያደርጋሉ፣ በካሜራው ሞተር የሚዞሩት የቆዩት ግን በእጅ ካልሆነ አይሰሩም።

ስለዚህ ለወፉ ካሜራው ጥፋተኛ ነው፤ አልክድም። እሁድ ማታ ስመልሰው እጄ ከበደኝ።

ግን ልጄን ይዤ የምወጣው ወደ ኽሩቶ አይደለም። ቀይ ቀበሮ አይበርም፤ ጉድጓድ ላይ ደቂቃዎች ቆሞ ያደፍጣል፤ የሚያድነው ደግሞ በቀን ነው። እሱን ለማንሳት የሚያስፈልገው ረጅም ሌንስ፣ የማለዳ አየርና ተንበርክኮ መጠበቅ ነው። ባትሪም አለ። በአምራቹ መለኪያ የኔ ካሜራ በአንድ ባትሪ 1,110 ምስል ያነሳል፤ የዜድ8 ከ350 በታች ነው። በተከታታይ ሲነሳ ከዚህ በብዙ እንደሚበልጥ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሌሊቱ ከዜሮ በታች በሚወርድበት፣ ድንኳን ውስጥ መሰኪያ በሌለበት ቦታ ልዩነቱ ይሰማል። ጊዜውም አይጠብቅም። ከከብት ጠባቂ ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ የባሌን ቀበሮዎች በተለያዩ ዓመታት ክፉኛ ጎድቷቸዋል፤ ፓርኩ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡ መልካም ዜና ቢሆንም ቁጥሩ በዚያ ብቻ አይጨምርም። ካሜራ በሚቀጥለው ዓመትም ይሸጣል፣ ያውም ረክሶ።

ያደረግሁት ይህ ነው። አንድ ጡረታ የወጣ ሆላንዳዊ ያገለገለ ባለ 200-500 ሚሊ ሜትር ኤፍ 5.6 ሌንስ ከአዲሱ ካሜራ አንድ አምስተኛ በማይሞላ ዋጋ ሸጠልኝ። ክብደቱ ከ2 ኪሎ በላይ ስለሆነ ልጄ «ይህን ማን ነው የሚሸከመው?» ብላ ጠይቃኛለች። በማስመሪያ ፈትሼዋለሁ። በቀረው ገንዘብ ሁለት ቲኬት ለኅዳር ተቆርጧል፤ ዝናቡ የሚያቆምበት፣ ሳነቲ ላይ ማለዳ ብርድ የሚጠናበት ወር ነው። የሩዙን ከረጢት አዲስ አበባ ስደርስ እገዛለሁ።