«ወታደር ጡረታ አለው»

ሐምሌ ላይ ቅሬያችን (የሰፈሩ ዕድር) ተሰብስቦ ነበር። የደሴውን የቧንቧ ውሃ ሰፈር ክረምት የቀመሰ ያውቀዋል፤ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩ ላይ ሲተኛ፣ በረንዳ ያደረ ሰው ጠዋት ጣቱን ማጠፍ ያቅተዋል። ጉዳዩ አጭር ነበር፦ ውጭ ለሚያድሩ አራት ሰዎች እስከ መስቀል የሚያቆይ የቤት ኪራይ እናዋጣ። የሦስቱ ስም አለፈ። አራተኛው ስም ሲጠራ አንድ የተከበሩ አባት ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «እሳቸውማ ወታደር አልነበሩም እንዴ? ወታደር ጡረታ አለው፤ ለሌለው ይሁን» አሉ። ጸሐፊው ስሙን ሰረዘ። የተቃወመ የለም። እኔም ስኒዬን እንደያዝኩ ዝም አልኩ።

ስማቸው የተሰረዘውን ሰው ሰፈሩ ሃምሳ አለቃ ይላቸዋል። እሳቸው ግን «ተራ ወታደር ነበርኩ፤ ማዕረጉን የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ» ይላሉ። በሳምንቱ ብርዱን ሸሽተው በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ። ኮምቦልቻ ሞቅ ይላል፤ ደጅ ለሚያድር ከደሴ ይሻላል።

«ወታደር ጡረታ አለው» የሚለው አባባል ከምንም ተነስቶ የመጣ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ ወታደሩንም ያቅፋል። ከወታደሩ ደመወዝ 7 ከመቶ ይቆረጣል፤ መንግሥት ደግሞ 25 ከመቶ ይጨምርበታል። ለሲቪሉ ሠራተኛ የሚጨምረው 11 ከመቶ ብቻ ነው። በየወሩ ባንክ ቤት በር ላይ ከዘራ ይዘው የሚሰለፉ የቀድሞ መኮንኖችን እያየ ያደገ ሰው፣ ወታደር ሁሉ እንዲሁ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ ሳይጠይቅ የሰው ስም ሲያሰርዝ ነው።

ቀጥሎ ያለው ነገር ዐሥር ዓመት ነው። በየወሩ የሚከፈል የአገልግሎት ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። እስቲ እንቁጠር። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የወጣው በ1975 ነው። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወጣት ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት የሚጠራ ነበር፤ በድምሩ 30 ወር። ጦርነቱ ሲበረታ 30 ወሩ ተረሳና ብዙው እዚያው ቀረ። ሠራዊቱ የፈረሰው በግንቦት 1983 ነው። እንግዲህ አዋጁ በወጣ ማግስት ተጠርቶ እስከ መጨረሻዋ ቀን ሳይመለስ የቆየ ልጅ እንኳ ስምንት ዓመት ቢሞላ ነው። ዐሥርን ሊሞላ የሚችልበት ሒሳብ የለም። ሃምሳ አለቃን ኮምቦልቻ አግኝቻቸው ይህንኑ ስነግራቸው ሳቁ። «ልጄ፣ ሠላሳ ወር ብለው ወስደው ሰባት ዓመት አቆዩኝ። ለጡረታ ሲሆን ሰባቱ አነሰ፤ ለሰው ሲሆን በዛ።»

በግዳጅ ላይ የቆሰለ ዐሥር ዓመት አይጠየቅም፤ እውነት ነው። ነገር ግን መቁሰሉ በሐኪሞች ቦርድ መረጋገጥ አለበት፤ ቦርዱ ፊት ለመቅረብ ደግሞ ማን እንደሆነና የት እንደቆሰለ የሚመሰክር ወረቀት ያስፈልጋል። ሚሊሻውማ ከመጀመሪያውም መዋጮ የሚቆረጥበት ደመወዝተኛ አይደለም። በ2014 ከእርሻው ተነስቶ የቦርከና ወንዝን ተሻግሮ የተዋጋ ገበሬ «ጡረታህስ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጠያቂው ምን እያለ እንደሆነ አይገባውም።

ወረቀት ካልኩ አይቀር እዚህ ላይ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ የታሰረው እዚህ ነው። በ1983 ግንቦት ደሴን አቋርጦ ወደ ደቡብ የሸሸው ወታደር መጀመሪያ የጣለው የደንብ ልብሱንና መታወቂያውን ነበር። ሃምሳ አለቃ ከተሃድሶ ካምፕ ሲለቀቁ የተሰጣቸውን አንድ ወረቀት ሠላሳ ዓመት በላስቲክ ጠቅልለው አኖሩት። በጥቅምት 2014 ደሴ በሰሜኑ ጦርነት ስትያዝ፣ ያኔ የተከራዩበት ቤት ባለቤት «ይህ ከተገኘ ሁላችንም አለቅን» ብለው ምድጃ ውስጥ ጨመሩት። ኅዳር 27 ከተማዋ ተመለሰች፤ ወረቀቱ ግን አመድ ሆኗል። ሴትዮዋ ጥፋተኛ ናቸው ብዬ አላስብም። እኔም ብሆን አቃጥለው ነበር።

ቀበሌ ቤት ይሰጣቸው ይባላል። የቀበሌ ቤት የሚባለው ባብዛኛው በ1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ የተወረሰው ነው። ከዚያ ወዲህ የተጨመረበት ጥቂት ነው፤ ያለውም ከአባት ለልጅ እየተላለፈ ተይዟል። ለመመዝገብ መታወቂያ፣ ለመታወቂያ ከቀድሞ ቀበሌ መሸኛ ይጠየቃል። በ18 ዓመቱ ከቤቱ የታፈሰ ልጅ መሸኛውን የሚጠይቀው ከየትኛው ቀበሌ ነው? ከምሽግ? ይህን ጥያቄ አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ አንስቼ «አሠራሩ ነው» ተብያለሁ። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ሰለቻቸው እንጂ።

ሌሎቹን አባባሎች ቶሎ ልጨርሳቸው።

«የደርግ ወታደር ሁሉ ለማኝ ሆኖ ቀረ» የሚባለው ውሸት ነው። በሰኔ 1983 የተቋቋመው የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን 455 ሺህ ያህል ሰው ነው የተረከበው። ከግማሽ የሚበልጠው ገጠር ገባ፣ መሬት አገኘ፣ የወራት ቀለብና ዘር ተሰጠው። ስቴፋን ደርኮንና ዳንኤል አያሌው የገጠሩን ተመላሽ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ወደ እርሻ የተመለሰው በደህና ሁኔታ ከማኅበረሰቡ ጋር መቀላቀሉን አሳይተዋል። ማሳ ያገኘው ሰው ሆነ፤ ከተማ የቀረው ግን ማሳውን የሚተካለት ነገር አላገኘም።

«ታዲያ አሁንም ወደ አገሩ ይመለስ» ለሚሉት፦ ያኔ የተከፋፈለው መሬት ዛሬ ለልጅ ልጅ እንኳ አልበቃም።

«መለዮ ለብሶ የሚለምነው አጭበርባሪ ነው።» አንዳንዱ ነው። ቁስል አስመስሎ የሚለምንም አለ፤ ስለዚህ ሆስፒታል እንዝጋ የሚል ግን አልሰማሁም።

«ቤት ቢሰጠውም ሽጦ ይጠጣዋል፤ መጀመሪያ ሱሱን ይተው፣ ሥራ ይያዝ።» ይህንን አሜሪካኖችም ለረጅም ጊዜ ያምኑ ነበር። ቀድሞ ቁልፉን መስጠት፣ ኪራዩን መደጎም፣ ሕክምናውንና ሥራውን ከዚያ በኋላ ማስከተል ሲጀምሩ ቁጥሩ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአንድ ሌሊት ቆጠራ ከ74 ሺህ በላይ ቤት አልባ የቀድሞ ወታደሮች ነበሯቸው፤ በ2024 ከ33 ሺህ በታች ሆነዋል። የሀብታም አገር ነገር ነው ትሉኛላችሁ፤ ልክ ናችሁ። በጦሳና በአዝዋ ገደል መሐል በተጨናነቀች ከተማ ውስጥ ቁልፉ ከየት ይምጣ ብትሉኝ የተሟላ መልስ የለኝም። ቅደም ተከተሉ ግን ገንዘብ አይጠይቅም፦ በረንዳ ላይ የሚያድር ሰው ሱስ አይተውም፤ ብርዱን የሚችለው በምን ሆነና?

በ2015 የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ከ371 ሺህ የሚበልጡ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሲቪል ሕይወት ለመመለስ ዕቅድ ይዞ ተነሥቷል። ከ1983ቱ የሚማረው ካለ፣ የተበታኙ የመጨረሻ አድራሻ «ከተማ» ከሆነ የት ሰፈር፣ በማን ቤት የሚለው ካምፑ በር ላይ ይጠየቅ።

ለሃምሳ አለቃ የቀረው መንገድ ጠባብ ነው፤ አልተዘጋም። ለፋይዳ (ለብሔራዊ መታወቂያ) ምዝገባ ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር መመዝገብ ይችላል። ያ ቤት አይሆንም፤ ግን መስኮቱ ላይ ቆሞ «ማነህ?» ለሚለው መልስ ይሆናል። የሚያስፈልገው የተመዘገበና እሳቸውን የሚያውቅ ሰው ነው። ጡረታ አላቸው ብለው ስማቸውን ያሰረዙት አባት፣ ቄስ ትምህርት ቤት አብረዋቸው ፊደል ቆጥረዋል። ለጥቅምቱ ስብሰባ አጠገባቸው እቀመጣለሁ።