ሞተርም ብርድ ይመታዋል

የኅዳር ሌሊት በደጋ አገር እንዴት እንደሚበርድ ገበሬ ያውቀዋል። ውርጭ ገብሱን ይመታል። ባቄላው ጠቁሮ ያድራል። ሰውም ከብቱም ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ይኮማተራል። ብርድ ሞተርንም እንደሚጎዳ የሚያውቅ ግን ብዙ አይደለም። ሁላችንም የምንፈራው ሞተር ሲፈላ ነው። ሳይሞቅ ሲቀር «እሰይ፣ ጤነኛ ነው» እንላለን። ይህ ስሕተት ነው። ስሕተቱም ገንዘብ ያስከፍላል፤ አንዳንድ ጊዜም የሰው ስም ያጠፋል።

ስም ሲያጠፋ ያየሁት አዲስ አበባ፣ አራዳ ውስጥ ነው። አራዳ ድሮ የከተማው ትልቁ ገበያ የነበረበት ሰፈር ነው። ገበያው የሚቆመው ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ገበያው ወደ መርካቶ ተዛወረ። አራዳ መካከል ላለው ቦታም ፒያሳ የሚል ስም ቀረለት። ፒያሳ በጣሊያንኛ አደባባይ ማለት ነው። ከስሙ ጋር የመኪና ጥገና ቃላትም አብረው ቀሩ። ዛሬም መካኒክ ሲነጋገር ብትሰሙ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ቡሎን ይላል። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው።

ፒያሳ ውስጥ አትክልት ተራ የሚባል ገበያ ብዙ ዘመን ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ተወሰደ፤ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ገበያው ፒያሳ ሳለ ጎመን፣ ድንች፣ ካሮትና ሽንኩርት የጫኑ መኪኖች ሌሊቱን ሲገቡ ያድሩ ነበር።

ነገሩ የሆነው በአንድ የኅዳር ንጋት ነው። አንድ አይሱዙ ከደብረ ብርሃን በኩል ድንች ጭኖ መጣ። መኪናው የአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ሾፌሩ ወጣት ነው። ድንቹ ሲራገፍ ሞተሩን አላጠፋም። ለምን ቢሉ፣ አንዴ ካጠፋው በብርድ አልነሣም ይለዋል። ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ እየተትጎለጎለ የተሸካሚዎቹን ዓይን ያቃጥላል። አንዲት ጎመን ነጋዴ «ኧረ አንተ ልጅ፣ በጭስ ገደልከን እኮ!» ብላ ጮኸች።

በሰፈሩ ጋራዥ የነበራቸው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጩኸቱን ሰምተው መጡ።

«ምን ሆኖብህ ነው ልጄ?»

«ምንም አልሆነ ጋሼ። እንዲያውም ጤነኛ ነው። ዳገቱን ሁሉ ስወጣ መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም።»

«ናፍጣስ? እንዴት ይዞታል?»

ልጁ ዝም አለ። ቆይቶም «እሱን አያንሡብኝ ጋሼ» አለ። መኪናው ናፍጣ ይጠጣል። የማኅበሩ ቁጥጥር ኮሚቴ ደረሰኞቹን አይቶ «አንተ ናፍጣ እየቀዳህ ትሸጣለህ» ብሎታል። የወር ደመወዙ ተይዟል። በሚቀጥለው ስብሰባ ቀርቦ መልስ እንዲሰጥም ታዟል።

ሽማግሌው ጋቢና ገብተው መርፌዋን አዩ። ይህች መርፌ ምንድን ናት? ከመሪው ፊት ለፊት እንደ ሰዓት ያለች ትንሽ መለኪያ ትገኛለች። በአንድ ጫፏ «ሲ» የሚባል የላቲን ፊደል አለ፤ ቀዝቃዛ ማለት ነው። በሌላው ጫፍ «ኤች» አለ፤ ሙቅ ማለት ነው። ሞተሩ ሥራውን በደንብ ሲሠራ መርፌዋ ወደ መካከል ወጥታ እዚያው ትቆማለች። የዚያ አይሱዙ መርፌ ግን ከደብረ ብርሃን እስከ ፒያሳ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞም «ሲ» አጠገብ ተኝታ ነበር።

የሰው ገላ ጤነኛ ሲሆን ሙቀቱ 37 ዲግሪ ገደማ ነው። የሞተር ውሃ ደግሞ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሲሆን ነው ሞተሩ የሚስማማው። ምጣድን አስቡ። ምጣዱ በደንብ ሳይግል ሊጥ ቢፈስበት እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ተጣብቆም ይቀራል። ሊጡም እንጨቱም ባከነ ማለት ነው። በቀዘቀዘ ሞተር ውስጥ ናፍጣም እንዲሁ ነው። በሙሉ አይቃጠልም። ካልተቃጠለው ከፊሉ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። የቀረው በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያጥበዋል። ዘይት የሌለው ብረት ከብረት ጋር ሲፋተግ ይበላላል። ሞተሩ በአንድ ቀን አይሞትም። ቀስ በቀስ ነው የሚያልቀው፤ ለዚህም ነው ማንም ልብ የማይለው።

ሽማግሌው ቀጥለው የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈቱ። ከክዳኑ ሥር ነጭ ነገር ተጣብቋል። አይብ ይመስላል። ነዳጅ ሲቃጠል ውኃ አዘል እንፋሎት ይፈጥራል። ሞተሩ ሞቃት ከሆነ እንፋሎቱ ተንኖ ይወጣል። ቀዝቃዛ ከሆነ ግን ጤዛ ሆኖ ከዘይቱ ጋር ይለወሳል። ይህ ነጭ ነገር በሌላ ምክንያትም ሊመጣ ይችላል። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ከተበላ የራዲያተር ውሃ ወደ ዘይት ይገባል። ስለዚህ ሽማግሌው «ውሃ ይጎድልብሃል?» ብለው ጠየቁት። «ጠብታ አይጎድልም» አለ። «እንግዲያው ጓርኒሲዮኑ ደህና ሳይሆን አይቀርም» አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጥርጣሬ መጡ፤ ወደ ቴርሞስታት። ቴርሞስታት በውሃው መንገድ ላይ የተቀመጠች፣ በመዳፍ የምትያዝ የብረት በር ናት። ለመስኖ ውሃ በቦዩ አፍ የምናስቀምጠውን ሳንቃ ትመስላለች። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በሯ ዝግ ናት። ውሃው ወደ ራዲያተር ሳይሄድ እዚያው ሞተሩ ውስጥ እየዞረ ቶሎ ይሞቃል። 82 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በሯ መከፈት ትጀምራለች። ውሃው ወደ ራዲያተር ሄዶ በንፋስ በርዶ ይመለሳል። በሯን የሚከፍታት ማን ነው? ሰም ነው። በውስጧ ሰም የታጨቀበት ትንሽ የብረት ብልቃጥ አለ። ሰም ሲቀልጥ መጠኑ ይጨምራል፤ ጨምሮም ዘንግ ይገፋል፤ ዘንጉም በሯን ይከፍታል። ሲቀዘቅዝ ሰሙ ይኮማተራል፤ ሞላው በሯን መልሶ ይዘጋታል። ኤሌክትሪክ የለው፣ ሰው አይነካው። እኔ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

በሯ ተከፍታ ከቀረች ወይም ጭራሽ ከሌለች፣ ውሃው ገና ከመጀመሪያው ወደ ራዲያተር ይፈስሳል። በብርድ አገር ያ ሞተር መቼም አይሞቅም።

ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ እጅ ይበቃል። ሽማግሌው ሞተሩን አስጠፍተው በደንብ እስኪበርድ ድረስ ቆዩ። ልጁ «አልነሣ ቢልስ?» ብሎ ፈርቶ ነበር። «ገፍተን እናስነሣዋለን» አሉት። ከበረደ በኋላ በግድ ተነሣ። ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ አናት የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ እንዲይዝ አደረጉት። ቴርሞስታቱ ደህና ከሆነ ይህ ቱቦ ለጥቂት ደቂቃዎች ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ በሯ ስትከፈት በድንገት ይግላል፤ እጅ አያስይዝም። የልጁ ቱቦ ግን ሞተሩ እንደተነሣ ለብ ማለት ጀመረ። ለብ እንዳለም ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቴርሞስታቱ ያለበት ቦታ በሁሉም መኪና አንድ አይደለም። አዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው ታክሲ የሆኑትን አሮጌ ላዳዎች ያየ ሰው፣ ሦስት ቱቦ የተሰካበት ነገር ከሞተሩ ውጭ ተንጠልጥሎ ያገኛል። የላዳ ቴርሞስታት እሱ ነው። በላዳ የሚዳሰሰው የራዲያተሩ የታችኛው ቱቦ ነው። መርፌዋ ሳትወጣ የታችኛው ቱቦ ከሞቀ በሯ ተከፍታ ቀርታለች።

ወደ አይሱዙው እንመለስ። ሽማግሌው ውሃውን በባልዲ አጠለሉ፤ ሁለት ቡሎን ፈቱ፤ የቴርሞስታቱን ቤት ከፈቱ። ባዶ ነበር። ቴርሞስታት የሚባል ነገር የለም።

«ማነው ያወጣው?»

«አምና ቆላ ወርጄ ሞተሩ ፈልቶ ነበር። መንገድ ላይ ያገኘሁት መካኒክ ነው ያወጣው። ለአገራችን አያስፈልግም አለኝ።»

ይህን «አያስፈልግም» የሚል ነገር ብዙ ቦታ ትሰማላችሁ። ከቶ አትቀበሉት። ሞተር ሲፈላ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፤ የራዲያተር መደፈን፣ የቺንጊያ መላላት፣ የውሃ መፍሰስ ሊሆን ይችላል። ተዘግታ የቀረች ቴርሞስታትም ሞተር ታፈላለች፤ መፍትሔው ግን በአዲስ መተካት ነው። አውጥቶ መጣል ትኩሳት ያለበትን ሰው ልብስ ገፎ ውርጭ ላይ እንደማስተኛት ነው። እንዲያውም በአንዳንድ ሞተር ቴርሞስታት ሲወጣ ውሃው አቋራጭ መንገድ አግኝቶ ራዲያተሩን ይዘልለዋል፤ ሞተሩም የባሰ ይፈላል። በልጁ መኪና የተደፈነው ራዲያተሩ ነበር። ሽማግሌው ውሃ ሲለቁበት ዝገትና ጭቃ ወጣ።

አዲስ ቴርሞስታት ከሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሱቅ ተገዛ። ሽማግሌው እንዲሁ አልገጠሙትም፤ መጀመሪያ ፈተኑት። ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። በብርዱ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ በሩ አልገጠመም ማለት ነው። ከዚያ በክር አንጠልጥለው የድስት ውሃ ውስጥ ከተቱት፤ የድስቱን ግርጌ እንዳይነካ አድርገው። ውሃው ሲሞቅ በሩ ቀስ ብሎ ሲከፈት ሁላችንም አየን።

ይህን ፈተና በደጋ አገር የሚሞክር ሰው አንድ ነገር ይወቅ። በባሕር ዳርቻ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ወደ ላይ 300 ሜትር በወጣን ቁጥር አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ፒያሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ስለሚሆን ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ስለሆነ 91 ገደማ ላይ ይፈላል። በደጋ ንፍሮ ለመብሰል የሚዘገየውም ለዚህ ነው። እንግዲህ 88 የሚል ቁጥር የተቀረጸበት ቴርሞስታት በድስት ውስጥ ትንሽ ብቻ ቢከፈት ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። በሙሉ ለመከፈት ከፈላው ውሃ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል። ራዲያተር ውስጥ ይህን ሙቀት ያገኛል፤ ክዳኑ እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዝ ውሃው ቶሎ አይፈላም። በዚሁ ምክንያት የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም። የታፈነው ውሃ ፈንድቶ ፊት ይልጣል።

መርፌዋ ራሷ የምትዋሽበት ጊዜም አለ። ሽቦዋ ከተበጠሰ «ሲ» ላይ ትተኛለች፤ ሞተሩ ግን ደህና ሞቋል። ከሁሉ የሚያስፈራው ውሃው ሲጎድል ነው። ሙቀት የሚለካው ዕቃ ውሃ ካልነካው መርፌዋ ትወርዳለች፤ ሞተሩ ግን እየተቃጠለ ነው። ስለዚህ መርፌዋ ስትወርድ ከሁሉ በፊት ውሃ ይታይ። ውሃውም የሚታየው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ ነው። ረጅም ቁልቁለት ሲወረድ መርፌዋ ትንሽ ዝቅ ብትል ግን በሽታ አይደለም። ሞተሩ ሥራ ፈትቶ ነው።

ቴርሞስታት እስኪገኝ ድረስ ራዲያተሩን በከፊል በካርቶን የሚሸፍኑ ሾፌሮች አሉ። ለጥቂት ቀን ይረዳል። መርሳት ግን አደጋ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ታች በረሃ ነው። ካርቶኑን ሳያነሣ ወደ ደጀን ዳገቱን የጀመረ ሰው መሐል መንገድ ላይ በእንፋሎት ታፍኖ ይቆማል።

ያ ጋራዥ ዛሬ የለም። በ2016 ዓ.ም. ብዙ የፒያሳ አሮጌ ሰፈር ሲፈርስ እሱም አብሮ ሄደ። ያን ጠዋት ሽማግሌው ሥራቸውን ጨርሰው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና ወረቀት አስመጡ። ምን ጎድሎ እንዳገኙ፣ ምን እንደ ገጠሙ፣ ናፍጣው ለምን እንደ በዛ በአጭሩ ጻፉ። ሌሊቱን ሙሉ ሞተሩ ሳይጠፋ ማደሩንም አልተዉም። ፈርመው ለልጁ ሰጡት። ወረቀቱ በስብሰባው ላይ ጮክ ተብሎ ተነበበ። ልጁ በሌላ ሳምንት ድንች ይዞ ሲመጣ አገኘሁት። መርፌዋ ሸኖ ሳይደርስ መካከል ላይ ቆማለች። ደመወዙም ተለቆለታል። የቁጥጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ ግን የሦስት ወር ደረሰኝ ጎን ለጎን አስቀምጠው እስኪያዩ ድረስ አላመኑም አሉ።