ተሳቢ የሚጎትት ፒክአፕ የካምቢዮ ሙቀት፦ የዓባይ በረሃ አቀበት እንደ መመዘኛ

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚወስዱ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው በዳንግላ፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በደብረ ማርቆስ በኩል ያልፋል፤ ሁለተኛው በአዴት፣ በሞጣና በቢቸና። ሁለቱም ደጀን ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድና ከወንዙ ማዶ ወደ ጎሃ ጽዮን መውጣት ግድ ነው። በእያንዳንዱ ወገን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን መንገድ ከ1,300 ሜትር በላይ ከፍታ ይጨመራል ወይም ይቀነሳል፤ አማካይ ቁልቁለቱ ወደ 7 በመቶ ይጠጋል። የፍኖተ ሰላም በቆሎና የቡሬ በርበሬ ወደ መሀል አገር ሲሄዱ ሸክሙ የሚከብደው በጎሃ ጽዮን በኩል ባለው አቀበት ነው። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በአዲስ አበባ በኩል ለጎጃም የሚመጣ ማዳበሪያ ደግሞ የደጀንን አቀበት ይወጣል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ከክረምቱ በፊት፣ በረሃው እጅግ በሚግልበት ወቅት ነው።

ይህን ጭነት በብዛት የሚያመላልሱት ባለ ተሳቢ ከባድ የጭነት መኪኖች ናቸው። ይሁንና ፒክአፕም በግብርና ምርምር፣ በዘር ብዜትና በግንባታ ሥራ ላይ የመውቂያ ማሽን፣ ጄኔሬተር ወይም የውኃ ታንከር ከኋላው አስሮ ሲጓዝ ይታያል፤ ከእነዚህ ፒክአፖች መካከል አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው አሉ። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ብልሽት እንደ ፍሪሲዮን መቃጠል በአቅራቢያ ጋራዥ በአንድ ቀን የሚፈታ አይደለም። ስለዚህ በአቀበት ላይ የካምቢዮው ዘይት ምን ያህል እንደሚሞቅና ለምን እንደሚሞቅ ማወቅ ተግባራዊ ጥቅም አለው።

የሙቀቱ ዋና ምንጭ ቶርክ ኮንቨርተር ነው። በውስጡ በዘይት ተሞልተው ትይዩ የተቀመጡ ሁለት ባለ ምላስ መዘውሮች አሉ፤ አንዱን ሞተሩ ያዞረዋል፣ ሌላው በተወረወረበት ዘይት ኃይል ይዞራል። የውኃ ወፍጮን አሠራር ያየ ሰው መሠረታዊ ሐሳቡን ለመረዳት አይቸገርም፤ በመዘውሮቹ መካከል ብረት ከብረት የሚያያዝበት ነገር የለም። ተነጂው መዘውር ከነጂው እየዘገየ በሚሄድበት ጊዜ ሁሉ የሁለቱ የፍጥነት ልዩነት በዘይቱ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ልዩነቱ የሚጠፋው ሎክአፕ ክላች የሚባለው ክፍል ሁለቱን ሲያጣብቃቸው ብቻ ነው። ክላቹ መቼ እንደሚጣበቅ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ሲሆን፣ በአብዛኛው በዝቅተኛ ፍጥነትና ነዳጅ መስጫው ጠልቆ በተረገጠበት ጊዜ ይለቀዋል።

መጠኑን ለማየት ቀላል ስሌት ይበቃል። ፒክአፑና ተሳቢው በድምሩ 6,000 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ እንበል። በ7 በመቶ አቀበት ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለመውጣት የስበትን ኃይል ለማሸነፍ ብቻ 34 ኪሎዋት፣ የጎማን የመንከባለል ተቃውሞ ለማሸነፍ ደግሞ 7 ኪሎዋት ያህል ያስፈልጋል። ኮንቨርተሩ ሳይጣበቅ የካምቢዮው አጠቃላይ ውጤታማነት 80 በመቶ ቢሆን ወደ 10 ኪሎዋት የሚጠጋ ኃይል በካምቢዮው ውስጥ ሙቀት ይሆናል። ተጣብቆ ውጤታማነቱ 92 በመቶ ሲደርስ ግን ብክነቱ ወደ 3.6 ኪሎዋት ይወርዳል። ጭነቱም መንገዱም አንድ ሆኖ ሙቀቱ በሦስት እጥፍ የሚለያየው በዚህ አንድ ክላች ምክንያት ነው።

አሥር ሊትር ዘይትና ሰማንያ ኪሎ ግራም ያህል የካምቢዮ ብረት አንድ ላይ በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ 65 ኪሎጁል ገደማ ይወስዳሉ። ስለዚህ ምንም ማቀዝቀዣ ባይኖር ዘይቱ በ10 ኪሎዋት በየደቂቃው ከ9 ዲግሪ በላይ ይጨምራል። ከ85 ዲግሪ ተነሥቶ 125 ዲግሪ ለመድረስ ከአራት ደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ ይህም ከሃያው ኪሎ ሜትር ሁለቱን ብቻ መጓዝ ማለት ነው። አቀበቱ ግን አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ካምቢዮው ሙቀትን በሆዱ አጠራቅሞ ዳገቱን ሊጨርስ አይችልም፤ የሚያድነው በየሰከንዱ የሚያስወግደው ሙቀት ብቻ ነው።

ማስወገጃው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በራዲያተሩ ውስጥ የተቀበረ የዘይት ቱቦ ሲሆን ሙቀቱን ለሞተሩ ውኃ ያስተላልፋል። ይህ ዘዴ የማይታለፍ ወሰን አለው፤ ውኃው 95 ዲግሪ ላይ ከሆነ ዘይቱ ከዚያ በታች ሊወርድ አይችልም፣ በአቀበት ላይ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ሙቀቱን ለማስወገድ ሲታገል ነው የሚገኘው። ሁለተኛው ከራዲያተሩ ፊት የሚቀመጥ የአየር ማቀዝቀዣ ነው፤ ለጉታ የተዘጋጁ ፒክአፖች አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ይዘው ይመጣሉ።

የአየሩ ጉዳይ ከሚታሰበው በላይ ውስብስብ ነው። ሾፌሮች ብዙውን ጊዜ «ወደ ደጋው ስንወጣ ይቀዘቅዛል» ብለው ይጠብቃሉ። እውነት ነው፣ ወንዙ ዳር 35 ዲግሪ የነበረው አየር አፋፉ ላይ 22 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ዘይቱ 110 ዲግሪ ከሆነ በዘይቱና በአየሩ መካከል ያለው ልዩነት ከ75 ወደ 88 ዲግሪ ያድጋል። ነገር ግን በዚያው ልክ አየሩ ይሳሳል፤ በ1,050 ሜትር ከፍታና በ35 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.01 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን፣ በ2,450 ሜትርና በ22 ዲግሪ ወደ 0.89 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ማራገቢያው በየሰከንዱ ተመሳሳይ ይዘት ያለው አየር ቢስብም የሚያልፈው አየር ክብደት ያንሳል። የአየሩን እፍጋትና የሙቀቱን ልዩነት ብናባዛ የሁለቱ ቦታዎች ውጤት ከ3 በመቶ ገደማ በላይ አይራራቅም። የደጋው ቅዝቃዜ የአየሩን መሳሳት ከማካካስ ብዙም አያልፍም። ተርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በዚህ ከፍታ ከባሕር ጠለል አቅሙ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ኮንቨርተሩ ይበልጥ ይንሸራተታል።

የመንገዱ ቅደም ተከተልም ችግሩን ያብሰዋል። ሌላ ቦታ መኪና ከሜዳ ተነሥቶ አቀበት ይጀምራል። በዓባይ በረሃ ግን አቀበቱ የሚጀምረው ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ነው። አስተዋይ ሾፌር ፍሬኑን ለመጠበቅ በከባድ ማርሽ ይወርዳል፤ ይህ ትክክል ነው፣ ፍሬኑ ሊሸከመው የሚገባው የ6 ቶን ጉልበት 79 ሜጋጁል ያህል ነውና። ሞተሩ መኪናውን ሲይዝ ኃይሉ በካምቢዮው በኩል ስለሚያልፍ ኮንቨርተሩ ካልተጣበቀ ዘይቱ በቁልቁለትም ይሞቃል። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ የተመረቀውን የህዳሴ ድልድይ ተሻግሮ መውጣት ሲጀምር ካምቢዮው ሞቋል፣ አየሩም በጉዞው ሁሉ ከነበረው የበለጠ ይግላል።

ይህን ከታወቀ መመዘኛ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። አሜሪካውያን አምራቾች የፒክአፕን የጉታ አቅም የሚያሳውቁት ኤስኤኢ ጄ2807 በተባለ ደረጃ ነው፤ የደረጃው የአቀበት ፈተና በአሪዞና ከሚገኘው ከዴቪስ ግድብ አጠገብ የሚነሣ 11.4 ማይል፣ ማለትም 18 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። አየሩ 38 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ነጠላ የኋላ ጎማ ያለው ፒክአፕም ፍጥነቱ ከሰዓት 64 ኪሎ ሜትር በታች መውረድ የለበትም። በርዝመቱ ከዓባይ አቀበት ጋር ተቀራራቢ ነው፤ የሚወጣው ከፍታ ግን 900 ሜትር ገደማ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ፍጥነቱ ነው። በ64 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነፋሱ ራሱ ማቀዝቀዣውን ያግዛል፣ ኮንቨርተሩም በቀላሉ ይጣበቃል። በዓባይ በረሃ ኩርባዎቹ፣ ከፊት የሚያዘግሙት ባለ ተሳቢዎችና በመሬት መንሸራተት የተዛባው አስፋልት ፍጥነቱን ከግማሽ በታች ያወርዱታል። ስለዚህ በአምራቹ መጽሐፍ ላይ «3.5 ቶን ይጎትታል» የሚለው ቁጥር ለደጀን አቀበት የተጻፈ ተደርጎ ሊነበብ አይገባም።

ስንት ዲግሪ ብዙ ነው? በማጠራቀሚያው ውስጥ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ የተለመደ ነው፤ ዘመናዊ ካምቢዮዎች ዘይቱ ቀጥኖ እንዲሠራ ሆን ብለው ከዚህም ከፍ ያደርጉታል። ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዘይቱ ከኦክስጅን ጋር የሚያደርገው ውሕደት በእጥፍ ገደማ ይፈጥናል፤ በሙያው ዘንድ የዘይቱ ዕድሜ በዚያው ልክ በግማሽ እንደሚቀንስ ይገመታል። አንድ ጊዜ 120 ዲግሪ መድረስ ካምቢዮ አይገድልም። የሚጎዳው በየሳምንቱ እየተደጋገመ ለግማሽ ሰዓት እዚያው መቆየት ነው፤ ላስቲኮቹ ይደርቃሉ፣ የክላቾቹ ልባስ ይቃጠላል፣ ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ይሸታል።

መለኪያውም ሊያሳስት ይችላል። አንዳንዱ ፒክአፕ የሚያሳየው የማጠራቀሚያውን ሙቀት ነው፤ ከኮንቨርተሩ የሚወጣው ዘይት ግን ከዚያ በብዙ ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። በርካታ መኪኖች ደግሞ የማስጠንቀቂያ መብራት ብቻ አላቸው፤ መብራቱ ሲበራ ጉዳቱ ተጀምሯል።

ሾፌሩ ማድረግ የሚችለው ትንሽ አይደለም። ካምቢዮው ማርሽ እያፈራረቀ እንዳይንከራተት በእጅ ከባድ ማርሽ ማስያዝ ሞተሩን ያስጮኸዋል እንጂ ኮንቨርተሩን ያሳርፈዋል፤ የዘይት ፓምፑና ማራገቢያውም ይፈጥናሉ። ኩራር አካባቢ ለማረፍ የቆመ ሾፌር ሞተሩን ወዲያው ቢያጠፋ ዘይቱ መዘዋወሩን ያቆማል። የሚሻለው ፍሬን ይዞ፣ ጎማውን በድንጋይ ደግፎ፣ በዜሮ ማርሽ ሞተሩን ከመደበኛው ጥቂት ከፍ አድርጎ ለጥቂት ደቂቃዎች ማቆየት ነው።

ማንዋል ካምቢዮ ከዚህ ጣጣ በአብዛኛው ነፃ ነው፤ ብክነቱ ጥቂት በመቶ ብቻ ስለሆነ። የእርሱ ደካማ ጎን አቀበት ላይ ቆሞ መነሣት ነው፤ ያ ሁሉ ሙቀት በጥቂት ሰከንዶች ፍሪሲዮኑ ላይ ያርፋል። በአንደኛ ፈንታ በሁለተኛ ማርሽ መነሣት የሚባክነውን ጉልበት እንደ ማርሾቹ ርቀት ከሦስት እጥፍ በላይ ሊያደርሰው ይችላል።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ይህ መንገድ ያለ ብዙ ወጪ የተዘጋጀ ላቦራቶሪ ነው። በመኪናው የመመርመሪያ ሶኬት ላይ የሚሰካ አንባቢ የዘይቱን ሙቀት፣ የሞተሩንና የካምቢዮ መግቢያ ዘንጉን ዙር በየሰከንዱ ይመዘግባል፤ ጂፒኤስ ከፍታና ፍጥነትን ይጨምራል። ከሁለቱ ዙሮች ልዩነት የኮንቨርተሩ መንሸራተት፣ ከከፍታውና ከፍጥነቱ ደግሞ የሚያስፈልገው ኃይል ይሰላል። ጭነቱ አዴት ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ በሚዛን ተመዝኖ፣ ያው ፒክአፕ አንድ ጊዜ ባዶውን፣ አንድ ጊዜ በተሳቢ፣ በታኅሣሥና በሚያዝያ፣ በሁለቱም አቀበቶች ቢነዳ፣ እዚህ በግምት የተቀመጡትን 80 እና 92 በመቶ በልኬት መተካት ይቻላል።