ሳይቃጠል በቅጠል፦ አሮጌ ትራክተርና ኮምባይነር ከውርጭ በፊት

በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ስንዴና ገብስ በሚታጨድበት በኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ሊወርድ ይችላል። ይህም ገበሬውን ብቻ ሳይሆን አሮጌ ማሽን የሚያከራየውን ባለሀብት ኪስ ይነካል።

አርሲ ትራክተርን ያወቀችው ዛሬ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ በአሰላ ካዱ ተቋቁሞ በሠራባቸው ዓመታት ትራክተር ሲስፋፋ ብዙ ጭሰኞች ከመሬት ተፈናቅለዋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። ዛሬ ገበሬው ራሱ ማሽን ይከራያል፤ የኮምባይነር ሒሳብም በኩንታል ይታሰባል። ስለዚህ የቆመ ማሽን ገቢ የለውም። ዝናብ መትቶት በዛላው ላይ የበቀለ ገብስ ደግሞ ለብቅል ፋብሪካ አይሆንም።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። በራዲያተር ያለ ተራ ውኃ በውርጭ ከረጋ የሞተሩን ብሎክ ሊሰነጥቅ ስለሚችል አንቲፍሪዝ ይጨመር፤ ከሌለ ማታ ውኃው ይፍሰስ። ባትሪ በብርድ ጉልበቱ ስለሚቀንስ ቀድሞ ቻርጅ ይደረግ። በናፍጣ ፊልትሮ የተጠራቀመ ውኃም ይውጣ።

ለገዢና ለደላላ አንድ ምክር፦ የሞቀ ሞተር ድካሙን ይደብቃል። ዋጋ ከመቁረጥ በፊት ማሽኑን ማለዳ፣ በቀዝቃዛው አስነስቶ ማየት ይበጃል።