«ካሣ»፣ «ኪሣራ» እና የተነሺው ወጪ፦ ከፋሽጋ ዳርቻ የታዩ የሕግ ቃላት

መንግሥት መሬቱን ለሕዝብ ጥቅም ያስለቀቀበት ሰው የተገመተለት ካሣ አነሰኝ ብሎ ቢከስና ቢረታ፣ ለጠበቃ፣ ለዳኝነትና ለምስክር ያወጣውን ገንዘብ ማን ይመልስለታል? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሕግ ሰው አይደለም። ይሁን እንጂ የጥያቄው ግማሽ የሕግ፣ ግማሹ የቃላት መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 መንግሥት የግል ንብረትን ለሕዝብ ጥቅም ሊወስድ የሚችለው ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ ከፍሎ እንደሆነ ይደነግጋል። በኋላ ማሻሻያ የተደረገበት አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ «ካሣ» የሚለውን ቃል ዘርዘር አድርጎ ይሠራበታል፤ ለንብረት፣ ለመፈናቀል፣ ለኢኮኖሚ ጉዳት፣ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ የሚከፈል ካሣ ይጠቅሳል። ቅር የተሰኘ ሰው ወደ አቤቱታ ሰሚ አካል፣ ከዚያም ወደ ይግባኝ ሰሚ ጉባዔ፣ በመጨረሻም ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድበትን መንገድ ያመለክታል። በእነዚህ የካሣ ዓይነቶች ውስጥ ግን የመንገዱ ስንቅ የለም። ካሣ «ካሰ» ከሚለው ግስ የወጣና በሽምግልናም የኖረ ቃል ነው፤ የደም ካሣ ስንል የተጎዳው ወገን ልቡ እስኪሽር የሚደረገውን ሁሉ እናስባለን። የአዋጁ ካሣ ከዚህ ይጠባል።

የክርክሩ ወጪ የሚነገረው በሌላ ቃል ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 462 ኪሣራን ማን፣ ምን ያህል እንደሚከፍል የመወሰኑን ሥልጣን በመሠረቱ ለፍርድ ቤቱ ይተዋል። በየዕለቱ ንግግር ነጋዴ «ከሠረ» ስንል ንብረቱ አለቀ ማለታችን ነው፤ ከዐረብኛው «ኸሳራ» የመጣውም ቃል ይህንኑ ጥፋት ይናገራል። በችሎት ግን «ወጪና ኪሣራ» ተጣምረው ተከራካሪው ያወጣውንና ሊተካለት የሚጠይቀውን ገንዘብ ያመለክታሉ። ጥፋትን የሚናገር ቃል መብትን ለመጠየቂያ ሆነ ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረቴን የሳበው በውሳኔዎች መጨረሻ የተለመደው «ግራ ቀኙ ወጪና ኪሣራ ይቻቻሉ» የሚለው ቀመር ነው። «ተቻቻለ» የ«ቻለ» ድርጊተ ተገላባጭ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች እኩል እንደቆሙና አንዱ የሌላውን እንደሚሸከም ያስመስላል። ከሳሹ ገበሬ፣ ተከሳሹ የወረዳ አስተዳደር ሲሆን ግን የግሱ እኩልነት ከእውነታው ይርቃል። አስተዳደሩ የሚከራከርለት ደመወዝተኛ አለው፤ ገበሬው ከካሣው ይቀንሳል። ለማስረጃነት ሳይሆን ለማሳያ ያህል፦ 100,000 ብር የተገመተለት ሰው በክርክር 130,000 ቢያገኝና 40,000 ቢያወጣ፣ ረትቶ 10,000 ብር ከሥሯል። እዚህ ላይ የገበያው «ኪሣራ» ከችሎቱ «ኪሣራ» ይልቅ እውነቱን ይናገራል።

ይህ የአማርኛ ብቻ ችግር አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1930 በዶሃኒና ሮጀርስ ክርክር የጠበቃ ክፍያ «ፍትሐዊ ካሣ» በሚለው ሐረግ ውስጥ እንደማይካተት ወስኗል። የፍሎሪዳ ግዛት ግን ክፍያውን በሕግ ከመንግሥት ላይ ጥላዋለች፤ ስሌቱም መንግሥት መጀመሪያ ባቀረበው ዋጋና በመጨረሻ በተገኘው መካከል ባለው ልዩነት ላይ ይመሠረታል። አስተዳደሩ ዝቅ አድርጎ በገመተ መጠን የሚከፍለው ይጨምራል። ፍርድ ቤቱ ሐረጉን ተረጎመ፤ ግዛቲቱ ከሐረጉ ጋር ሳትሟገት ሌላ አንቀጽ ጻፈች።

ወደ ፋሽጋ ስንመጣ ነገሩ ከዚህም ይከፋል። በአትባራና እኛ ተከዜ በምንለው በሰቲት ወንዝ መካከል ያለውን ይህን ለም መሬት ኢትዮጵያውያን ገበሬዎች ለብዙ ዓመታት ሰሊጥና ማሽላ ሲያመርቱበት ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የሱዳን ጦር ሲገባ ብዙዎቹ ለቀው ወጡ። እነዚህ ሰዎች በአማርኛ «ተፈናቃይ» እንጂ «ተነሺ» አልተባሉም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። «ተነሺ» በራሱ ብድግ ያለ ይመስላል፤ አድራጊው ከቃሉ ውስጥ ጠፍቷል፣ ካሣ የሚያስጠይቅ ሕግ ግን አለው። «ተፈናቃይ» «አፈናቃይ»ን ይጠቁማል፤ አድራጊውን ይናገራል፣ ነገር ግን የሚያስከፍልበት አዋጅ የለውም። ያኛው ሕግ አለው፣ ይኼኛው ከሳሽነት ብቻ።

ብዙም ሳይርቅ፣ በአትባራ ዳር በኸሽም አል ጊርባ፣ በአስዋን ግድብ ምክንያት ከሐልፋ የመጡ ኑብያውያን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰፍረዋል። እነርሱ የደረሰባቸውን «ተህጂር» ይሉታል፤ ቃሉ አስደራጊ ነው፣ አንድ ሰው ሌላውን እንዲሰደድ ማድረጉን ይናገራል። ካሣው ግን በ1959ኙ የዓባይ ውሃ ስምምነት መሠረት 15 ሚሊዮን የግብፅ ፓውንድ ሆኖ ከመንግሥት ለመንግሥት የተከፈለ ነበር።

ከዚህ በመነሣት በመተማና በገዳሪፍ መካከል ሰነድ ለሚተረጉሙ ባልደረቦች አንድ ነገር አሳስባለሁ። የአማርኛውን የችሎት «ኪሣራ» በዐረብኛ «ኸሳራ» ብለው አይመልሱት፤ ቃሉ ዘመድ ቢሆንም ጥያቄው ይለወጣል። ወጪው ይተካልኝ ያለ ሰው በዐረብኛው ንብረቴ ጠፋ ብሎ የተማረረ ይሆናል፤ ያ ደግሞ ለሌላ መዝገብ የሚቀርብ ሌላ አቤቱታ ነው።