የተሰፋ ላንቃ ዳግም ሲከፈት

ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን አቅሙና ሁኔታው ከፈቀዱ ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ስንጥቁ ይዘጋል፤ ሆኖም አንዳንድ ጊዜ ስፌቱ ከመሻሩ በፊት ይለቅና በአፍና በአፍንጫ መካከል ቀዳዳ ይተዋል። ይህ ቀዳዳ የላንቃ ፊስቱላ ይባላል፤ በኢትዮጵያ በይበልጥ ከወሊድ ጉዳት ጋር ተያይዞ የሚታወቀው ፊስቱላ በሕክምና ቋንቋ መገናኘት የማይገባቸውን ሁለት ክፍተቶች የሚያገናኝ ማናቸውንም መተላለፊያ ያመለክታልና።

ቀዳዳው በብዛት የሚታየው አጥንት ያለው ጠንካራው ላንቃ ከኋላው ካለው ለስላሳ ላንቃ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ እንዲሁም ከፊት ጥርሶች ጀርባ ነው። ኢንፌክሽን፣ ከስፌቱ ሥር የሚቋጠር ደምና የደም ዝውውር ማነስ ለዚህ ምክንያት ይሆናሉ፤ ከሁሉ ይልቅ ግን የሚወቀሰው ሰፊ ስንጥቅን ለመዝጋት ሲባል ከመጠን በላይ ተወጥሮ የተሰፋ ሥጋ ነው።

የማያስቸግር ትንሽ ቀዳዳ ስለታየ ብቻ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። ወተትና ሾርባ በአፍንጫ የሚወጣ ከሆነ ወይም አየር ስለሚያመልጥ ልጁ በአፍ ውስጥ ግፊት የሚጠይቁትን የ«በ»ን፣ የ«ተ»ንና የ«ጠ»ን ድምፆች አጥርቶ ማውጣት ከተሳነው ግን ጉዳዩ ይለያል። እዚህ ላይ ባለሙያዎች ቀላል ሙከራ ያደርጋሉ፦ ቀዳዳውን በማስቲካ ወይም በሰም ለጊዜው ደፍነው ልጁን ያናግሩታል። ድምፁ ከጠራ ጥፋቱ የቀዳዳው ነው፤ ካልጠራ ግን ለስላሳው ላንቃ ራሱ የአፍንጫውን መንገድ በሚገባ አልዘጋ ይሆናልና ቀዳዳውን መድፈን ብቻውን አይበቃም።

ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ሐኪሙ የሚሠራው ጠባሳ በሆነና የደም ሥሩ በሳሳ ሥጋ ላይ ነውና። በዚህም ምክንያት ጠባሳው እስኪለሰልስ ቢያንስ 6 ወር መጠበቅ የተለመደ ሲሆን፣ በዕለቱም የቀዳዳው ዳር ተልጦ ወደ ውስጥ በመታጠፍ የአፍንጫው ወለል ይሠራል፤ በላዩም ከላንቃው በተላጠ ሌላ ሽፋን ይደረባል፣ ሁለቱ ስፌቶችም እንዳይገጣጠሙ ይደረጋል። ላንቃው የሚበቃ ሥጋ ከሌለው ከጉንጭ ውስጠኛ ሽፋን ወይም ከምላስ መዋስ ግድ ይላል። በምላስ የሚሠራው ዘዴ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፣ ከምላስ ጀርባ የተላጠ ሥጋ አንድ ጫፉ ሳይቆረጥ ላንቃው ላይ ይሰፋል፤ ሕመምተኛውም ምላሱ ከላንቃው ጋር እንደተያያዘ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ፈሳሽ እየወሰደ ይቆያል፤ ሥጋው ከላንቃው የራሱን የደም ሥር ካገኘ በኋላ ማያያዣው ይቆረጣል። ለማየት ቢያስጨንቅም ትልልቅና ተደጋጋሚ ቀዳዳዎችን በመዝጋት የሚተማመኑበት ዘዴ ነው።

ቀዶ ሕክምናውን የማይችል ሰው ጥርስ ሐኪም በሚሠራለት የፕላስቲክ ሽፋን ቀዳዳውን ደፍኖ ሊበላና ሊናገር ይችላል። ቀዳዳው የተዘጋለት ልጅ ደግሞ አየሩ ሲያመልጥበት ሳለ የለመደው የተሳሳተ አነጋገር በስፌት ብቻ አይለቀውም፤ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ጋር ለወራት መመላለስ ይኖርበታል።